በዱቄት የተሳለው ፊት

ባለፈው ሰሞን ለልጄ ደብተር ልገዛ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብቼ ከመደርደሪያው ላይ ክዳኑ የተሰነጠቀ የፓስቴል ሳጥን አየሁ። ሻጩ ወዲያ ዞር ሲል አንዱን ቡናማ ቀለም አውጥቼ በጣቶቼ መሃል አሸሁና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ፓስቴል ሽታ አለው ብል ብዙ ሰው አያምነኝም። አለው። በበጋ ዱቄት የሆነ የመንገድ አፈር ይሸታል፣ ጀሶ ይሸታል፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ የደረቀ ሙጫ። ሻጩ «እህት፣ ይወስዱታል?» ሲለኝ እኔ ከሚሴ ነበርኩ፤ አምስተኛ ክፍል፣ አዳዳ ሀዋ ግቢ ውስጥ።

እኛ አገር የአባት እህት አዳዳ ናት። አዳዳ ሀዋ የአባቴ ታላቅ ናት፤ ባሏ አብዬ እንድሪስ በዚያ ዓመት ክረምት መውጫ ላይ ሞቶ ብቻዋን ቀርታ ነበር። ልጅ አልወለዱም። አባቴ ጨፋ ሮቢት አጠገብ ገበሬ ነው፤ መስከረም ላይ እጄን ይዞ ከሚሴ አመጣኝና «ትምህርትሽን ተማሪ፣ እሷንም ሰው ሁኚያት» ብሎኝ በመጣበት መኪና ተመለሰ። ሰው መሆን ምን ምን እንደሚያካትት አልነገረኝም። እኔ እንደመሰለኝ ከሆነ ሁሉን ነገር መጠየቅ ነበር፤ በዚህ በኩል አላሳፈርኩትም።

የአዳዳ ቤት ሦስት ክፍል ነው። በሩ ወደ ደሴ መንገድ የሚከፈተውን ክፍል መምህር አሰፋ ተከራይቶታል። ከደሴ ተዛውሮ የመጣ፣ እኛ ትምህርት ቤት ሥዕል የሚያስተምር፣ ቀጠን ያለ ሰው ነው። አዳዳን «እርስዎ» ሲላት ትስቅበታለች። «አንቱ አትበለኝ አቦ፤ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል» ትለዋለች። እሱ ግን አንቱታውን አልተወም። «ብቻውን የሚኖር ወንድ ቤት መጥረግ አያውቅም» ብላ ጠዋት ጠዋት ክፍሉን እንድጠርግ ያዘዘችኝም እሷ ናት።

ሥራዬን በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር አስተዋልኩ። መምህር አሰፋ ሥዕሎቹን በካኪ ወረቀት ላይ ሠርቶ ግድግዳው ላይ በምስማር ይሰቅላቸዋል። ከየሥዕሉ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ በክር የተሰመረ የሚመስል ቀጭን የዱቄት መስመር አለ። ዛሬ ጠርጌው ነገም አለ። እኛ ቤት ከእንጨት ሥር እንዲህ ያለ ዱቄት ከታየ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ምስጥ ገብቷል ማለት ነው። ዱቄቱ አረንጓዴ መሆኑ አላሳሰበኝም። አረንጓዴ ሥዕል የበላ ምስጥ ሌላ ምን ሊያወጣ ይችላል?

ለአዳዳ ነገርኳት። አዳዳ ቤቷን ለምስጥ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። የላምባ ጠርሙስና አሮጌ ጨርቅ ይዛ መጣች፤ ጨርቁን ነክራ ወደ መጀመሪያው ሥዕል እጇን ስትዘረጋ መምህር አሰፋ ከበሩ ላይ «እትዬ ሀዋ! በአላህ ይዤዎታለሁ!» ብሎ ጮኸ። ክርስቲያን ሆኖ በአላህ ሲማጸን ሰምታ አዳዳ ደንግጣ ቆመች።

ከዚያ ነው ነገሩን ያስረዳን። ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ቀለም አወጣና ክንዱ ላይ አሰመረ። «ይኼ ዱቄት ነው። ለስላሳ ፓስቴል ይሉታል። ውሃ የለውም፣ ዘይት የለውም። ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይጣበቅም።» ይህን እያለ አንድ የጫነ አይሱዙ በደጁ አለፈ፤ ግድግዳው ነዘረ፤ በዓይናችን እያየን ከጨፋ ሜዳ ሥዕል ላይ ትንሽ አረንጓዴ ብናኝ ወረደ።

«ታዲያ የሚረግፍ ነገር ምን ብለህ ትሠራለህ?» አለችው አዳዳ።

«እስኪረግፍ አየዋለሁ» አለና ሳቀ። አዳዳ ጠርሙሷን ይዛ ወጣች። እኔ ግን ያን ቀን ከትምህርት ቤት ቀረሁ ማለት ይቻላል፤ አርፍጄ ስገባ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተጀምሮ ነበር።

የምስጡ ነገር ሲያበቃ ሌላ ጥርጣሬ ያዘኝ። የክፍል አለቃ ነበርኩ፤ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ጠመኔ እያመጣሁ የምመልሰው እኔ ነኝ። ይህ ሰው አስተማሪ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሙሉ ሳጥን ባለ ቀለም ጠመኔ አለ። መንግሥት ያውቃል? ሦስት ቀን ሙሉ የቢሮውን ጠመኔ ስቆጥር ከረምኩ። በአራተኛው ቀን መጥረጊያዬን በበሩ አስደግፌ ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

«መምህር፣ ይኼ የትምህርት ቤቱ ነው?»

አልተቆጣም። ከኪሱ እውነተኛውን ጠመኔ አወጣና ሁለቱንም ሰጠኝ። «ራስሽ መርምሪ» አለኝ። ጠመኔውን ካኪው ላይ ስስበው ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ አሰማ፤ የተወው መስመርም የገረጣ ነበር። የእሱ ቀለም ግን ትኩስ ቂጣ ላይ እንደተቀባ ቅቤ ሄደ። በጣቴ ነካ ባደርገው ተሰራጨ፤ ሌላ ቀለም ብደርብበት ከሥር ያለው በመጠኑ እየታየ ተቀበለው። እጄን ማቆም አቃተኝ።

«ለምን አይፈርስም?» አልኩት።

«ትንሽ ሙጫ አለው። እንዳይፈርስ ያህል ብቻ።»

«ሙጫው ቢበዛስ?»

«ድንጋይ ይሆናል፣ ወረቀት ይቧጭራል።»

«ቢያንስስ?»

«ኪስሽ ውስጥ ዱቄት ሆኖ ታገኚዋለሽ።» ከዚያ በኋላ ጥያቄዬ ሲበዛበት «ጦይባ፣ ክፍሉን ጥረጊ» ይለኝ ጀመር።

ጥቅምት ላይ ይመስለኛል፣ አዳዳ የአስር ሶላቷን ጨርሳ ሰጋጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ጠራችኝ። «ያ ኢንታላ፣ ነይ እስቲ» አለችኝ፤ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው። ሲከፋት ወይ ሲደላት ኦሮምኛው ይቀድማታል። «የአብዬሽ ጠባሳ በየት በኩል ነበር?»

«በግራ» አልኩ ቶሎ ብዬ። አብዬ እንድሪስን የማውቀው በዓል በዓል ሲሆን ነው፤ ነገር ግን አላውቅም ማለት አልወድም።

«በሱ ግራ ነው ወይስ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው?»

ይኼን አስቤበት አላውቅም ነበር። አዳዳ እጇን መጀመሪያ ግራ ቅንድቧ ላይ፣ ቀጥላ ቀኙ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ላይ ጣለች። እንዲህ ስትሆን አይቻት ስለማላውቅ ፈራሁ።

ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። አብዬ እንድሪስ ፎቶ አይወድም ነበር። «መልኬን የሰጠኝ አላህ ነው፤ ወረቀት ምን ቤት ነው?» ይል ነበር። በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ መታወቂያ ማዳበሪያ አይሰጥም ሲባል፣ ለቀበሌ መታወቂያ ተነሣ። ሲሞት አዳዳ ኮቱን ለሰደቃ ልትሰጥ አጠበችው። መታወቂያው የውስጥ ኪሱ ውስጥ ነበር። አውጥታ ስታየው ማኅተሙ ሰማያዊ ውሃ ሆኖ፣ ፎቶው ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ቀርቶ ነበር። ያንን ነጭ ነገር እስካሁን ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

«በገዛ እጄ አጠብኩት» አለች። «አሁን ደግሞ ከዚህም እየጠፋብኝ ነው» ብላ ግንባሯን ነካች። «ድምፁን እሰማዋለሁ። ሲሄድ ከኋላው አየዋለሁ። ሲዞር ግን ፊት የለውም። ልጅ ቢኖረን ልጁን አይ ነበር።»

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ የሚሉት ነገር ለእኔ አይሠራም፤ ወዲያው ተነሥቼ መምህር አሰፋ ዘንድ ሄድኩ። ያላየሁትን ሰው አልስልም አለኝ። ለመንኩት። «እሷ ታይልኛለች ካልሽ እሞክራለሁ» አለ። ለአዳዳ ስነግራት ደግሞ ተቆጣች። እሱ የማይወደውን ነገር ሞቶ ላድርግበት? አንድ ሳምንት ሙሉ ጉዳዩን እንዳላነሣ ከለከለችኝ። በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከአስር በኋላ፣ ሻርፗን አጣፍታ ራሷ የክፍሉን በር አንኳኳች። «ጥፋቱ በኔ ላይ ይሁን» አለችው። «አንድ ጊዜ ብቻ ልየው።»

መምህር አሰፋ ሳጥኑን ከፈተ። ቡናማዎቹ በሙሉ አልቀው ጥፍር የሚያህል ስብርባሪ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ሁሉንም ጨፋ ሜዳን ሲስል ጨርሷቸዋል። «መልኩ ምን ዓይነት ነበር?» ሲላት «ጠይም» አለችው። «የትኛው ጠይም?» አላት። እኔ ጠይም አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አዳዳ ብዙ አሰበች። «ጨፋ ያለው ማሳችን» አለች በመጨረሻ፣ «ከወንዙ ዳር ያለው አፈር፣ ዝናብ ጠግቦ ገና መድረቅ ሲጀምር።»

«እንግዲያውስ አምጡልኝ» አለ።

በሮቢት ገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን። የአብዬን ማሳ አሁን የሚያርሰው አባቴ ነው። አዳዳ እያጎነበሰች አፈር በጣቷ እየቆነጠረች፣ በመዳፏ እያሸች፣ «ይኼ አይደለም፤ ይኼ ይጠቁራል» እያለች ከድንበሩ እስከ ወንዙ ዳር አዳረሰችው። አባቴ ሞፈሩን ተደግፎ ያየናል። «አፈሩን ምን ልታደርጉት ነው?» አለ።

«ቤት ልንለቀልቅበት» አለችው አዳዳ። ስትዋሽ አይቼ የማላውቃት ሴት!

«ከሚሴ አፈር አልቋል?» አለ አባቴ። መልስ ሳይጠብቅ ወደ በሬዎቹ ዞረ።

አፈሩን ወደ ቀለም መለወጥ የእኔ ድርሻ ሆነ፤ በሕይወቴ እንዲያ የኮራሁበት ሥራ የለም። በውሃ በጥብጬ በሻሽ አጠለልኩት፤ አሸዋው ከሥር ሲቀር ከላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ጭቃ ቀድቼ አረጋሁት። ሲደርቅ ፈጨሁት። ከጀሶ ጋር ቀላቀልኩት፤ ጀሶው ሲበዛ ጉንጭ ይሆናል፣ ሲያንስ የዓይን ሥር። መምህር አሰፋ ከባቲ ገበያ ያመጣውን የግራር ሙጫ በሞቀ ውሃ አሟሟልኝና እንደ ሊጥ አሽቼ በመዳፌ ጣት ጣት አሳከልኩት። የመጀመሪያው ሙጫ በዝቶበት ካኪውን ቀደደው። ሁለተኛው ገና ሳነሣው ዱቄት ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ጥላ ሥር የደረቁ አራት ዓይነት ጠይሞች ተገኙ፤ አብዬ እንድሪስ ከመሳሉ በፊት መልኩ በቆርቆሮ ላይ ተደርድሮ ነበር።

ሥዕሉ የሚሠራው ቅዳሜና እሑድ ከአስር በኋላ ነው። የወንድ ክፍል ስለሆነ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ እኔ መሃል ላይ እቀመጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን ክፉ ነበር።

«ግንባሩ ሰፊ ነው?»

«አላውቅም።»

«ዓይኑስ?»

«አላውቅም አልኩህ» አለችና አለቀሰች። መምህር አሰፋ መጠየቁን ተወ። ዝም ብሎ አንድ ሽማግሌ ሳለ፤ ማንንም የማይመስል፣ ከየትም የመጣ ሽማግሌ። ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረና «ይኼ ነው?» አላት።

አዳዳ እንባዋን ሳትጠርግ ቀና ብላ አየች። «ኢሳ ሚቲ!» አለች፤ እሱ አይደለም። በጣም ተናዳ ነበር። «ይኼ ማነው ደግሞ?»

«ምኑ ነው ያልሆነው?»

«እንዴ! አፍንጫው እንዲህ የጭልፊት ነው እንዴ? ሰፋ ያለ ነው እንጂ!»

በመዳፉ ጎን አፍንጫውን አሸው። ፓስቴል እንዲያ ሲሉት አይጠፋም፤ ደመና ሆኖ ከሥር ይቀራል። በደመናው ላይ ሌላ አፍንጫ ሳለበት። «ሚቲ» አለች። አሸው። ሦስተኛውን ሳለ። «ሚቲ፤ ይኼ የወንድሙ አፍንጫ ነው።» ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ሦስት አፍንጫና ሁለት አገጭ ተሠርቶ ፈረሰ።

እንዲህ ሳምንታት አለፉ። መምህር አሰፋ ቃሏን ለመደና ገና ወረቀቱን ሳያዞር «ሚቲ?» ይላታል። አንዳንዴ ትስቃለች። ጠባሳው በራሱ ግራ መሆኑን አንድ እሑድ በቀኝ ተስሎ ስታይ አወቀችው። «በዚያ በኩል የለም! በተጋባን ዓመት ጥጃ አስራለሁ ሲል ላሟ በቀንዷ የወጋችው በዚህ ነው፤ እኔ ነኝ ቡና ወቅጬ ደሙን ያቆምኩለት» አለች። ጆሮው ላይ ስትደርስ ኮፊያውን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ደፍቶ ስለሚያደርግ የግራው ጆሮ እንደታጠፈ ነገረችን። ከንፈሩ ላይ ስትደርስ «አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ የተቆጣ አታድርገው፤ አስመስሎ ነው እንጂ አይቆጣም» አለችው።

እኔ በበኩሌ መምህር አሰፋ ሥዕል አይችልም የሚል ውሳኔ ላይ ደርሼ ነበር። አንድ ሰው ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ይሳሳታል? እኔ በሒሳብ ይህን ያህል ብሳሳት ክፍል እደግም ነበር። ለራሱም ነገርኩት። «እኔንም ይገርመኛል» አለኝና ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ቀለም ማውጣት ቀጠለ።

በኅዳር መጨረሻ ግድም አንድ ነገር አሳየን። ወረቀቱን በጣቱ ነካው፤ አዲሱ ቀለም መያዝ ትቶ ይንሸራተታል። የካኪው ሻካራ ገጽ በዱቄት ሞልቶ ነበር። «ከዚህ በኋላ ይኼ ወረቀት የሚችለው አንድ ፊት ብቻ ነው» አለ። «እትዬ ሀዋ፣ ይኼኛው ካልሆነ ሁሉም ይረግፋል። ሌላ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው መጀመር ነው።»

ያን ሳምንት አዳዳ እንቅልፍ እንዳጣች ከመኝታዋ ሲጢጥታ አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ለመጀመር አቅም ያላት አትመስልም ነበር።

ቅዳሜ ሲደርስ መምህር አሰፋ ምንም ሳይጠይቃት ሳለ። እስከዚያ የተነገረውን ሁሉ በቃሉ ይዞት ነበር። የሠራሁለትን አራቱን ጠይሞች ብቻ ነው የተጠቀመው፣ ለጺሙ ደግሞ ትንሽ ነጭ። ከዚያ ወረቀቱን አዞረው። አዳዳ ተነሥታ ቀረበች። ብዙ አየች። «ዓይኑን ትንሽ ዝቅ» አለች በቀስታ። «ሰው ሲያወራው እንደሚያደርገው።» መምህር አሰፋ በጣም ጠቆር ያለውን ቀለም አንሥቶ ከዓይኑ ቆብ ሥር ነካ አደረገና በትንሿ ጣቱ ሳሳ አደረገው።

አብዬ እንድሪስ ነበር። የበዓል በዓል ሰው ብሆንም አወቅኩት።

«ኢሱማ» አለች አዳዳ። ራሱ ነው። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀምጣ አየችው። መኪና አለፈ፣ ሌላ መኪና አለፈ፤ ከአገጩ ሥር ትንሽ ጠይም ብናኝ ወረደ። የእኔ አፈር! ተነሥቼ ልይዘው ምንም አልቀረኝ።

መምህር አሰፋ አስቦበት ነበር። ከአልጋው ሥር አንድ ቆርቆሮ አወጣ፤ ሴቶች ፀጉራቸውን የሚያስይዙበት ስፕሬይ ነው፤ ከሴቶች ፀጉር ቤት ሲገዛ እንዳፈረ ከጆሮው መቅላት ያስታውቅ ነበር። «ይኼን ከነፋሁበት አይረግፍም» አላት። «ዕድሜ ልክዎን ይቆያል።»

እንዲነፋ ቸኮልኩ። ክዳኑን ሲከፍት አዳዳ እጇን አነሣች።

«ቆይ» አለች። «ተወው።»

«ካልነፋሁበት ይጠፋብዎታል እኮ።»

«እሱ እንዲህ ተሰቅሎ ሰው እንዲያየው አይወድም። አንድ ጊዜ ልየው አልኩ፣ አየሁት።»

«ነገ ቢረሱትስ?»

አዳዳ ወደ እሱ ዞረች። ፊቷ ላይ ያን ዓመት ያላየሁት እርጋታ ነበር። «አንተ በተሳሳትክ ቁጥር ሲያርምህ የከረመው ማነው?» አለችው።

መምህር አሰፋ ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ቆርቆሮውን አልጋው ላይ አስቀመጠው።

አዳዳ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አጋደመች። ሁለቱን መዳፎቿን ግንባሩ ላይ አኖረችና ቀስ እያለች ወደ ታች አወረደቻቸው፤ በቅንድቡ፣ በጠባሳው፣ በጉንጮቹ፣ በጺሙ ላይ። «አዳዳ!» ብዬ ጮህኩ። ስንት ቀን ያጠለልኩት፣ የፈጨሁት፣ ያሸሁት! አለቀስኩ፤ ጨካኝ ናት አልኩ በልቤ። እሷ አልሰማችኝም። ወረቀቱ ላይ ጠይም ደመና ብቻ ሲቀር መዳፎቿን ወደ ላይ ዘረጋችና ዱዓ አደረገችለት። ስሙን ስትጠራ፣ አላህ እንዲዘንለት ስትለምን፣ የእኔንም ስም አስገብታ ስታመርቅ ሰማሁ። እያኮረፍኩ አሚን አልኩ። መምህር አሰፋም በልማዱ አሜን አለ።

አዳዳ ዱዓዋን ጨርሳ፣ ሁሌም እንደምታደርገው፣ መዳፎቿን ከግንባሯ እስከ አገጯ በፊቷ ላይ አሻሸች። ቀና ስትል የአብዬ እንድሪስ መልክ ከግንባሯ እስከ አገጯ ተቀብቷት ነበር። እሷ አላወቀችም። ፈገግ ብላ አየችን፤ ልቅሶዬ ቀጥ አለ።

መምህር አሰፋ መስታወት ሊያቀብላት ብድግ ሲል እጁን ያዝኩት። ለመግሪብ ሶላት ውዱእ ልታደርግ፣ ፊቷን ልትታጠብ፣ የውሃ ጀበናዋን እስክታነሣ ድረስ ሁለታችንም አልነገርናትም።